የአውሮፓ ኅብረት ከስትራስቡርጉ ፍርድ ቤት የሚሸሸው ለምንድን ነው?

የአውሮፓ ፓርላማ ስለ አንድ የአፍሪካ አገር የውሳኔ ሐሳብ ባሳለፈ ቁጥር የአማርኛው ማኅበራዊ ሚዲያ በሰዓታት ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን "አውሮፓ ፈረደችልን" ብሎ ይጨፍራል፤ ሌላው "ሉዓላዊነታችን ተደፈረ" ብሎ ይፎክራል። በኦክቶበር 2021 ፓርላማው ስለ ትግራይ ሰብዓዊ ሁኔታ ውሳኔ ሲያሳልፍ የሆነው ይኸው ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያ ወረቀት ግን አስገዳጅነት አልነበረውም። እንዲህ ያለ ውሳኔ በራሱ ማዕቀብ አይጥልም፣ ገንዘብ አይከለክልም፣ ማንንም ፍርድ ቤት አያቆምም። የአቋም መግለጫ ነው።

የጨፈረውም የፎከረውም ሳያየው ያለፈ ነገር አለ። ያ ውሳኔ የወጣባት ስትራስቡርግ ከፓርላማው መግለጫ ይልቅ የኢትዮጵያዊንና የኤርትራዊን ስደተኛ ሕይወት በቀጥታ የሚነኩ ሁለት ሌሎች ተቋማት አሏት። አንዱ የጣት አሻራ ያስቀምጣል። ሌላው ይፈርዳል። ለዓለም ሁሉ ስለ ሰብዓዊ መብት የሚሰብከው የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በዚህ በሚፈርደው ፊት እንደ ተከሳሽ ቆሞ አያውቅም።

መጀመሪያ ስሙን ማጥራት ያስፈልጋል፤ ግራ መጋባቱ ለኅብረቱ ጥሩ መደበቂያ ሆኖታልና። በአማርኛ ዜና "የአውሮፓ ምክር ቤት" ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ብራስልስ ላይ የ27ቱ አገሮች መሪዎች የሚሰበሰቡበት አለ። እዚያው ብራስልስ ሚኒስትሮቻቸው ሕግ የሚያጸድቁበት አለ። ስትራስቡርግ ያለው ከሁለቱም አይደለም፤ በሜይ 1949 አሥር አገሮች ለንደን ላይ የመሠረቱት፣ ዛሬ 46 አባላት ያሉት፣ ከኅብረቱ በዕድሜ የሚበልጥ ራሱን የቻለ ድርጅት ነው። ቱርክ አባል ናት፣ ዩክሬን አባል ናት፣ ስዊዘርላንድ አባል ናት። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች በሳምንታት ውስጥ፣ በማርች 2022 ተባርራለች። ብሪታንያ በ2020 ከኅብረቱ ስትወጣ ከዚህኛው አልወጣችም፤ በጁን 2022 ስደተኞችን ጭኖ ወደ ሩዋንዳ ሊበር የነበረው አውሮፕላን ከመሬት ሳይነሣ የቀረው የዚሁ ድርጅት ፍርድ ቤት ባወጣው እግድ ነው። አሥራ ሁለት ኮከብ ያለበት ሰማያዊ ባንዲራ እንኳ መጀመሪያ የዚህ ድርጅት ነበር። እሱ በ1955 አወጣው፤ ኅብረቱ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተዋሰው። ባንዲራውን ወሰደ፣ መዝሙሩንም ወሰደ፣ ዳኛውን ግን ተወ።

ከተማዋ የተመረጠችው በመከራዋ ነው። ከ1870 እስከ 1945 ድረስ አራት ጊዜ ከፈረንሳይ ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ ፈረንሳይ ተገላብጣለች። ከቤቱ ደጃፍ ሳይርቅ ዜግነቱ አራቴ የተለወጠበት ሰው የኖረባት የራይን ዳር ከተማ ናት። ከጦርነቱ በኋላ የእርቅ ምልክት ትሁን መባሏ ተገቢ ነበር።

ዛሬ ያ ምልክት ተመላላሽ ጭነት ሆኗል። በኅብረቱ ውል መሠረት የፓርላማው ይፋዊ መቀመጫ ስትራስቡርግ ነው፤ በዓመት 12 ጠቅላላ ጉባኤዎች እዚያ መካሄድ አለባቸው። ኮሚቴዎቹ የሚሠሩት ግን ብራስልስ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ሉክሰምበርግ። ስለዚህ በየወሩ 720 እንደራሴዎች ከረዳቶቻቸው፣ ከአስተርጓሚዎቻቸውና ከሰነድ ሣጥኖቻቸው ጋር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ለአራት ቀን ይሰነብቱና ይመለሳሉ። የኅብረቱ የራሱ የኦዲት ፍርድ ቤት በ2014 ባወጣው ስሌት፣ ፓርላማው ጠቅልሎ ብራስልስ ቢገባ በዓመት 114 ሚሊዮን ዩሮ ይድናል። እንደራሴዎቹም አያጡትም፤ በ2013 መቀመጫችንን ራሳችን እንወስን ብለው በ483 ድምፅ በ141 ላይ አሳልፈዋል። ምን ሆነ? ምንም። ውሉን ለመለወጥ የሁሉም አባል አገሮች ስምምነት ያስፈልጋል፤ ፈረንሳይ ደግሞ አትነካኩት ብላለች። አንድ ጊዜ ሁለት ጉባኤ በአንድ ሳምንት ውስጥ አጣጥፈው ጉዞውን ለማሳጠር ቢሞክሩ ፈረንሳይ ሉክሰምበርግ ከስሳ በ2012 ረታቻቸው። የኮሮና ወረርሽኝ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በላይ ብራስልስ ቢያስቀምጣቸውም በጁን 2021 ሻንጣው እንደገና ተሸከፈ።

እዚህ ላይ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ወንዙን ተሻግሮ ያለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት የ2022 ዓመታዊ በጀቱ 80 ሚሊዮን ዩሮ አይሞላም ነበር። ከአይስላንድ እስከ አዘርባጃን የሚኖር ማንኛውም ሰው መንግሥቱን የሚከስበት ችሎት፣ በ2024 መጨረሻ 60 ሺህ ያህል መዝገብ የተቆለለበት ችሎት፣ ለሻንጣ ማመላለሻ ከሚወጣው ባነሰ ገንዘብ ይሠራል።

ከተማዋ ሌሎችም ተቋማት አሏት። የኅብረቱ እንባ ጠባቂ ቢሮ አለ፤ ምርመራው ጠንካራ ቢሆንም ውሳኔው ምክር ነው። የመድኃኒት ጥራት መለኪያዎችን የሚያወጣ መሥሪያ ቤት አለ። በ1815 በቪየና ጉባኤ የተወለደው የራይን ወንዝ የመርከብ ጉዞ ኮሚሽንም ከ1920 ጀምሮ እዚያው ተቀምጧል፤ ስለ ሰብዓዊ መብት ሳይሰብክ ሥራውን የሚሠራ ሽማግሌ ነው።

ስለ አሻራው መጋዘን ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ኢዩ-ሊሳ የሚባለው የኅብረቱ ኤጀንሲ ዋና መሥሪያ ቤቱ ታሊን ቢሆንም ማሽኖቹ የሚሠሩት ስትራስቡርግ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለሼንገን ቪዛ አሥር ጣቱን መስተዋቱ ላይ ያሳረፈ ሰው አሻራው የሚገባው እዚያ ነው። በባሕር ላምፔዱዛ የደረሰው ስደተኛ አሻራም እንዲሁ፤ ዩሮዳክ በሚባለው ሌላ መዝገብ። ይህ መዝገብ ሰውዬው መጀመሪያ የረገጠውን አገር ለይቶ ወደዚያው ለመመለስ ያገለግላል። ኅብረቱ በ2024 ባጸደቀው አዲሱ የስደት ሕግ መሠረት አሻራ የሚሰጥበት ዕድሜ ከ14 ወደ 6 ዓመት ወርዷል፤ የፊት ምስልም ተጨምሯል። የስድስት ዓመት ሕፃን! ያንን ሕግ ያጸደቀው ያው ስለ ሕፃናት መብት የውሳኔ ሐሳብ የሚያወጣው ፓርላማ ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል የኅብረቱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ ጣለ፤ መደበኛው የማመልከቻ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ቀረ። ምክንያቱ መንግሥት ከአውሮፓ የሚባረሩ ዜጎቹን መልሶ በመቀበል አልተባበረም የሚል ነበር። ለመንግሥት ጥፋት ተማሪውና ነጋዴው ተቀጡ። በዚያ ሰሞን ግን እንደ 2021ዱ ውሳኔ የጨፈረም የፎከረም ብዙ አልነበረም፤ በጸጥታ ታለፈ።

አሁን ወደ ፍርድ ቤቱ። በሜይ 2009 ከሊቢያ የተነሡ 200 ያህል ሰዎች በሦስት ጀልባ ሆነው ከላምፔዱዛ በስተደቡብ 35 ማይል ላይ ሲደርሱ የጣሊያን መርከቦች ደረሱባቸው። ጫኗቸው። ወዴት እንደሚወስዷቸው ሳይነግሯቸው ትሪፖሊ አወረዷቸው። ስማቸውን የጠየቀ፣ ጥገኝነት ትፈልጋላችሁ ወይ ያለ አልነበረም። ከእነሱ መካከል 24ቱ፣ አሥራ ሦስት ኤርትራውያንና አሥራ አንድ ሶማሊያውያን፣ ጣሊያንን ስትራስቡርግ ከሰሱ። በፌብሩዋሪ 2012 ታላቁ ችሎት በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው፦ ሰውን ወደ ሥቃይ መመለስ ክልክል ነው፣ በጅምላ ማባረር ክልክል ነው፣ ባሕር ላይም ቢሆን የመንግሥት መርከብ የመንግሥት ሥልጣን ነው። ለእያንዳንዱ 15 ሺህ ዩሮ ካሳ ተወሰነ። በዓለም ላይ ከአስመራና ከሞቃዲሾ የሸሸ ሰው አንድን የአውሮፓ መንግሥት ስሙን ጠርቶ የሚረታበት ሌላ ችሎት ስንት አለ?

ከዚያ በፊት በ2011 ደግሞ አሻራው ግሪክ ላይ ስለተያዘ ብቻ ቤልጂየም ወደዚያ የመለሰችው አፍጋኒስታናዊ ነበር። ፍርድ ቤቱ ቤልጂየምንም ግሪክንም ጥፋተኛ አለ። ቤልጂየም የግሪክን የእስር ቤትና የጎዳና ሁኔታ እያወቀች "ጎረቤቴን አምናለሁ" ብላ ዓይኗን መጨፈን አትችልም ማለት ነው። በዚህ ፍርድ የተነሣ ወደ ግሪክ የሚደረገው መመለስ ለዓመታት ቆመ።

እንግዲህ ሽሽቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። የአውሮፓን የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት ያልፈረመ አገር ኅብረቱ ውስጥ አይገባም። ኅብረቱ ራሱ ግን አልፈረመም። ከ2009 ጀምሮ የሚሠራው የሊዝበን ውል "ኅብረቱ የስምምነቱ አባል ይሆናል" ብሎ በግልጽ አዝዞታል። ረቂቁ ተዘጋጅቶ ቀረበ፤ በዲሴምበር 2014 ግን የኅብረቱ የራሱ ፍርድ ቤት ሉክሰምበርግ ላይ ውድቅ አደረገው። ከምክንያቶቹ አንዱ ሊነበብ የሚገባው ነው፦ አባል አገር ሌላውን አባል አገር መብት አክብሯል ወይ ብሎ እንዲመረምር ከተገደደ በመካከላቸው ያለው መተማመን ይፈርሳል የሚል ነው። ስትራስቡርግ በአፍጋኒስታናዊው ጉዳይ ያወገዘውን "ጎረቤቴን አምናለሁ" ሉክሰምበርግ መርሕ አድርጎ አነሣው። ድርድሩ እንደገና ተጀመረ፤ በማርች 2023 በአብዛኛው ላይ መግባባት ተደረሰ ተባለ። ፊርማ ግን የለም።

በተግባር ይህ ማለት የጣሊያን መርከብ ቢበድል ጣሊያን ስትራስቡርግ ትከሰሳለች፤ የኅብረቱ የድንበር ጠባቂ ፍሮንቴክስ ቢበድል ግን አይከሰስም። የአሻራውን መጋዘን የሚያስተዳድረው ኢዩ-ሊሳም አይከሰስም፤ መጋዘኑና ፍርድ ቤቱ ግን ያሉት በአንድ ከተማ ውስጥ ነው! ኅብረቱን የሚዳኘው የኅብረቱ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ አይደለም ወይ?

"ኅብረቱ የራሱ የመብት ቻርተር አለው፣ የራሱ ዳኞች አሉት፣ ሌላ ምን ያስፈልገዋል?" የሚሉ አሉ። ጀርመንም የራሷ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት አላት። ጣሊያንም አላት። ሁለቱም ግን ስትራስቡርግ ይቀርባሉ። የውጭው ዳኛ ያስፈለገው የቤት ዳኛ ለቤቱ እንደሚያደላ ከጦርነቱ ስለተማሩ ነው።

ይባስ ብሎ አሁን አባል አገሮቹም ማጉረምረም ጀምረዋል። በሜይ 2025 በጣሊያንና በዴንማርክ መሪነት ዘጠኝ የኅብረቱ አገሮች፣ ፍርድ ቤቱ በስደት ጉዳይ ስምምነቱን ከልክ በላይ ለጥጦታል የሚል ግልጽ ደብዳቤ አወጡ። የሚያሳዝነው ፍርድ ቤቱ እነሱ እንደሚሉት ደፋር አለመሆኑ ነው። በ2020 በሜሊያ አጥር ላይ የተያዙ አፍሪካውያንን ስፔን ወዲያው መመለሷን ፈቅዷል። ጣሊያን ከ2012ቱ ፍርድ በኋላ ዘዴዋን ለወጠች፤ በ2017 ከሊቢያ ጋር ተፈራርማ መልሶ የመያዙን ሥራ ለሊቢያ ባሕር ጠባቂ ሰጠች፣ አሠለጠነች፣ አስታጠቀች። በ2025 ያ ጉዳይ ስትራስቡርግ ሲደርስ ፍርድ ቤቱ ባሕሩ ላይ የተፈጸመው በጣሊያን ቁጥጥር ሥር አልነበረም ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ቱርክም ኦስማን ካቫላን ልቀቂ ተብላ በ2019 ተፈርዶባት አልለቀቀችም። ፍርድ ቤቱ ፖሊስ የለውም፤ ያለው የአገሮቹ እሺታ ብቻ ነው። ያ እሺታ በየዓመቱ እየተሸረሸረ ሳለ ባለ ብዙ ገንዘቡ ኅብረት ከዳር ቆሞ ያያል።

በስዊድን፣ በጀርመን፣ በጣሊያንና በኔዘርላንድስ ዜግነት ያገኙ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ለዚህ ፓርላማ ድምፅ ይሰጣሉ። በየምርጫው ዘመን እጩዎችን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ስለ አገር ቤት ፖለቲካ የውሳኔ ሐሳብ ታወጡልናላችሁ ወይ? እጩውም እሺ ይላል፤ ምንም አያስከፍለውምና። የሚያስከፍለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ኅብረቱ የስትራስቡርጉን ስምምነት መቼ ነው የሚፈርመው? አንተስ ለዚህ ምን አደረግህ? ቀጣዩ ምርጫ 2029 ላይ ነው።