ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ የአገርንስ ስም ማን ያወጣዋል?



ይህችን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ጊዜ የፈጸምኩት አንድ ስሕተት ነው። የራስን ስሕተት አደባባይ ማውጣት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ነገ ከነገ ወዲያ እያንዳንዳችን ካርታ ሰቅለን፣ ጠመኔ ይዘን ከልጆች ፊት መቆማችን ስለማይቀር፣ እኔን ያደናቀፈኝ ድንጋይ ሌላውንም እንዳያደናቅፍ ብዬ ጻፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተመደብኩት ሰባተኛ ክፍል ሲሆን የዕለቱ ትምህርት ስለ አውሮፓ አገሮችና ስለ ዋና ከተሞቻቸው ነበር። ከካርታው ከግራ በኩል ጀምሬ በበትር እያመለከትኩ «ይህች ደሴት አየርላንድ ትባላለች፤ የእንግሊዝ ክፍል ናት» አልኩና ላልፍ ስል ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አየርላንድ ማለት አየር ያለበት አገር ማለት ነው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቁ ሳያባራ ሌላው ተነሣና «ታዲያ አንድ ደሴት ከሆነች ለምን በሁለት ቀለም ተቀባች?» ብሎ ጠየቀ። እውነቱን ለመናገር መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ደግሞ አሳፈረኝ። «የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው» ብዬ አለፍኩት።

በሳምንቱ አጭር ፈተና ሰጠሁ። አንዲት ተማሪ «አየርላንድ ዋና ከተማዋ ደብሊን የሆነች፣ ራሷን የቻለች አገር ናት» ብላ ጻፈች። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግሁባት። በኋላ ግን ነገሩ ስለከነከነኝ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳገላብጥ ትክክለኛዋ እሷ፣ ስሕተተኛው እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

ይህንኑ ልምምዳችንን ለሚከታተሉ አንድ መምህራችን ባጫውታቸው «አንተ ልጅ፣ ለአንዲት ደሴት ስም ይህን ያህል ምን አስጨነቀህ? አንድ ስም ስጣቸውና እለፍ። ስም ሲበዛ ልጆች ግራ ይጋባሉ» አሉኝ። መምህራችንን አከብራቸዋለሁ፤ ብዙም አስተምረውኛል። በዚህ ነጥብ ላይ ግን የተለየ አስተያየት አለኝ። የአገር ስም ተሰጥቶ ብቻ የሚታለፍ ነገር አይደለም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ለማስረዳት ያችኑ አየርላንድን ልጥቀስ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ የደሴቲቱ ሰዎች ራሳቸው አገራቸውን ምን ብለው ይጠሯታል? በጥንት ቋንቋቸው በአይሪሽኛ ስሟ ኤይረ ነው። በአፈ ታሪካቸው እንደሚተረከው ባንባ፣ ፎድላና ኤሪዩ የሚባሉ ሦስት እኅትማማች እንስት አማልክት ነበሩ። አዲስ ሕዝብ ከባሕር ማዶ በመጣ ጊዜ ሦስቱም አገሪቱ በስማቸው እንድትጠራ ጠየቁ፤ ዕድሉም ለኤሪዩ ቀናት። የሁለቱ እኅቶች ስምም ቢሆን አልጠፋም፤ ገጣሚዎች አገራቸውን ሲያወድሱ ባንባ፣ ፎድላ እያሉ ይጠሯታል። ሮማውያን ደግሞ ሂበርኒያ አሏት። እንግሊዞች ኤይረ በሚለው ላይ «ላንድ» ማለትም ምድር የሚለውን ቃላቸውን ቀጠሉበትና አየርላንድ ሆነች። እንግዲህ «አየር ያለበት አገር ነው ወይ?» ብሎ ለጠየቀው ልጅ መልሱ ይኸው ነበር። ልጁ የስም ትርጉም በመጠየቁ ሊመሰገን ሲገባው ሳቅንበት።

ወደ ሁለቱ ቀለማት እንምጣ። አየርላንድ ከ1801 ጀምሮ ከብሪታንያ ጋር በአንድ መንግሥት ሥር ተጠቃላ ነበር። በ1920 በወጣ ሕግ ደሴቲቱ ለሁለት ተከፈለች። ከነጻነት ጦርነት በኋላ በ1922 ከ32ቱ አውራጃዎች 26ቱ «የአየርላንድ ነጻ መንግሥት» ተብለው ራሳቸውን ቻሉ። የቀሩት 6 አውራጃዎች «ሰሜን አየርላንድ» ተብለው ከብሪታንያ ጋር ቀሩ። ስለዚህ ሁለቱ ቀለማት የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደሉም። ሰው ሞቶባቸዋል።

በ1937 የደብሊኑ መንግሥት አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣ። ሥራውን የመራው ኤይመን ዴ ቫሌራ ነው። ሰውየው ፖለቲካ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሒሳብ አስተማሪ እንደነበረና በመምህራን ማሠልጠኛም እንዳስተማረ ስታውቁ ደስ ሳይላችሁ አይቀርም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 4 የመንግሥቱ ስም ኤይረ፣ በእንግሊዝኛ ሲጠራም አየርላንድ መሆኑን ይደነግጋል። በቃ፤ ሌላ ቅጽል የለውም። ይኸው ስም ግን ጠብ አመጣ። «26 አውራጃ ይዘህ የመላዋን ደሴት ስም እንዴት ትወስዳለህ?» የሚል ቅሬታ ተነሣ። በዚህም የተነሣ ለንደን በእንግሊዝኛ ስትጽፍ እንኳ «አየርላንድ» ላለማለት ስትል «ኤይረ» ማለትን መረጠች። አስቡት እንግዲህ! የአይሪሾች የገዛ ቋንቋ ስም፣ ሌላ ሰው ሲጠራው ማሳነሻ ሆነ።

በ1949 በሥራ ላይ የዋለ ሕግ ደግሞ «የአየርላንድ ሪፐብሊክ» የሚለውን አጠራር አመጣ። ልብ በሉ፤ ሕጉ የሚለው ይህ የመንግሥቱ መግለጫ ነው እንጂ ስሙ ነው አይደለም። ልዩነቱ እንዴት ነው ለሚል፣ እኔን «ዕጩ መምህር» ብትሉኝ ያለሁበትን ሁኔታ ገለጻችሁ እንጂ ስሜን አልጠራችሁም እንደማለት ነው። ለንደን ይህንን መግለጫ እንደ ስም አድርጋ ለብዙ ዓመታት ተጠቀመችበት። ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ በ1989 አንድ የአየርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የአገሪቱን ትክክለኛ ስም የማይጠቅስ የተፈላጊዎች ማስረከቢያ ትእዛዝ ተስተካክሎ እስኪመጣ ድረስ ይመለስ እስከ ማለት ደርሰዋል። ዛሬ በዩሮ ሳንቲሞቻቸው ላይ የተቀረጸው ኤይረ የሚለው ነው፤ በፓስፖርታቸው ሽፋን ላይ ሁለቱም ስሞች አሉ።

የሰሜኑ ነገር ደግሞ ይብሳል። ከብሪታንያ ጋር መኖርን የሚፈልገው ወገን «ሰሜን አየርላንድ» ይላል፤ «አልስተር» የሚለውም አለ። አንድ አየርላንድን የሚፈልገው ወገን «የአየርላንድ ሰሜን»፣ አንዳንዱም «ስድስቱ አውራጃዎች» ይላል። ሰሜን አየርላንድና የአየርላንድ ሰሜን ለእኛ ጆሮ ምን ልዩነት አለው? ለእነሱ ግን አለው። አንዱ ለብቻው የቆመ ግዛት ስም ነው፤ ሌላው የአንዲት አገር አንድ ማዕዘን ነው። አልስተርም ቢሆን ከጥንት 9 አውራጃዎች ያሉት ክፍለ ሀገር ነበር፤ ከነሱም ሦስቱ፣ ዶኔጎል፣ ካቫንና ሞናሃን፣ በደብሊን ሥር ናቸው። በዚያ ላይ የደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ ማሊን ሄድ የሚገኘው በዚሁ በዶኔጎል ነው። ስለዚህ «ደቡብ» የሚባለው አገር ከ«ሰሜኑ» አልፎ ወደ ሰሜን ይሄዳል! ይህን ካርታ ላይ በጣታችሁ ተከትላችሁ እዩት።

ከተማም አልቀረም። በሰሜን አንዲት ከተማ አለች። የጥንት ስሟ ዴሪ ሲሆን የባሉጥ ዛፍ ደን ማለት ነው። በ1613 በንጉሥ ቻርተር «ለንደን» የሚለው ተጨመረበትና ለንደንዴሪ ተባለች። እስከ ዛሬ አንዱ ዴሪ፣ ሌላው ለንደንዴሪ ይላታል። በመንገድ ምልክቶች ላይ «ለንደን» የሚለው በቀለም ተደልዞ መታየቱ የተለመደ ነው። እዚያ አንድን እንግዳ «ከየት ነህ?» ብሎ የከተማውን ስም ሲናገር ማድመጥ፣ ከየትኛው ወገን መሆኑን እንደ መጠየቅ ይቆጠራል።

ሰው በስም ብቻ ተጋደለ ማለቴ አይደለም። የመሬት፣ የሥራ፣ የቤት፣ የድምፅ፣ የሃይማኖትም ጉዳይ ነበረበት። ቢሆንም ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998 በቆየው ግጭት ከ3500 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ አፍ ያመለጠው ስም የወገን መታወቂያ ነበር። በ1998 በተፈረመው ስምምነት የሰሜኑ ተወላጅ አይሪሽ ነኝ፣ ብሪታንያዊ ነኝ ወይም ሁለቱንም ነኝ የማለት መብቱ ታወቀለት። በእኔ አስተያየት የስምምነቱ ትልቅ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ሁሉም አንድ ስም ይጥራ አላለም። እያንዳንዱ ራሱን በሚጠራበት ስም ይጠራ አለ እንጂ።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ሙያ ልመለስ። በ1824 የእንግሊዝ ጦር ካርታ አንሺዎች መላዋን አየርላንድ መለካት ጀመሩ፤ ዝርዝር ካርታውም በ1846 ተጠናቀቀ። መንደሩ፣ ወንዙ፣ ኮረብታው ሁሉ ለእንግሊዝኛ አፍ በሚመች አጻጻፍ ተመዘገበ። በ1831 በተቋቋሙት ብሔራዊ ትምህርት ቤቶችም ልጆች የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነበር። ብራያን ፍሪል የተባለው ጸሐፌ ተውኔት «ትርጉሞች» በሚል ርእስ በ1980 በዚያችው በዴሪ ለመድረክ ያበቃው ድራማ ስለዚሁ ጊዜ ነው። የድራማው መቼት የአንድ ገጠር መምህር ትምህርት ቤት ነው። ፍሪል ራሱም እንደ እኛ በመምህራን ማሠልጠኛ ሠልጥኖ በዴሪ ለአሥር ዓመት ያህል አስተምሯል። ስም የሚቀየረው በወታደር ብቻ አይደለም፤ ካርታውን ሰቅሎ «ድገሙ!» የሚለው መምህርም አለበት።

እኛም ብንሆን ይህ ነገር አይጠፋንም። አየርላንድና ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆኑት በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ አየርላንድ ሴፕቴምበር 10፣ ኢትዮጵያ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1923። ጣሊያን ልትወርረን በተዘጋጀችበት በ1935 ዴ ቫሌራ በዚሁ ማኅበር ጉባኤ ቆሞ የማኅበሩ ቃል ኪዳን እንዲከበር ተከራክሯል። በዚያ ዘመን እኛ «ኢትዮጵያ» ስንል ብዙ የውጭ ጋዜጦችና ካርታዎች «አቢሲኒያ» ይሉን ነበር። ሌላው ባወጣልን ስም መጠራት ምን እንደሚመስል የምናውቅ ሰዎች፣ አይሪሹን «እንግሊዝ» ብለን ስናልፍ ትንሽ ልናፍር ይገባል። ችግሩ ደግሞ ከአፋችን ይጀምራል፤ በልማድ መላዋን ብሪታንያ እንግሊዝ ስለምንል አየርላንድንም አብረን እንጠቀልላታለን። ብዙ ካርታዎችም «የብሪታንያ ደሴቶች» ብለው ስለሚጽፉ የሚያርመን የለም። የደብሊን መንግሥት ግን በዚህ አጠራር አይጠቀምም።

እንግዲህ ወደ መምህራችን አስተያየት ልመለስና ልደምድም። ስም ሲበዛ ልጆች ግራ ይጋባሉ ላሉት፣ በእርግጥ ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ይህን ሁሉ ብዘረግፍ ይጋባሉ። አርባ ደቂቃም አይበቃም። ነገር ግን የእኛ ልጆች በቤት አንድ ስም፣ በትምህርት ቤት ሌላ ስም፣ በክርስትና ወይም በቁልምጫ ሦስተኛ ስም ይዘው ሲጠሩ ግራ አይጋቡም። የትኛው በማን አፍ እንደሚነገር አጥርተው ያውቃሉ። አንድ ሰው ብዙ ስም ሊኖረው እንደሚችል ከገባቸው የአገርም አይከብዳቸውም።

ስለዚህ ለእኔ ቢጤ ዕጩ መምህራን የማሳስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የአገር ስም ስናስተምር የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ምን ብለው እንደሚጠሯት እንጨምር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሁለተኛ፣ ሁለት ስም ካለ የትኛውን ማን እንደሚለው እንናገር እንጂ አንዱን ሰርዘን ሌላውን አንትከል። ሦስተኛና ዋናው፣ ያላወቅነውን «አላውቅም፤ አጣርቼ ነገ እነግርሃለሁ» እንበል። የኔ ኃጢአት አየርላንድን አለማወቄ አይደለም። አለማወቄን በማተሚያ ቤት ላይ ማላከኬ ነው።

ልምምዳችን ከማለቁ በፊት ወደ ክፍሉ ተመልሼ የተማሪዋን ነጥብ አስተካከልኩ፤ በተማሪዎቹም ፊት «ተሳስቼ ነበር» አልኩ። ዝም አሉ። ከዚያ ያ የመጀመሪያው ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ የእኛስ ቀበሌ ስም ማን አወጣው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። አጣርቶ እንዲነግረኝም የቤት ሥራ ሰጠሁት፤ አያቱን ጠይቆ ግማሽ ገጽ ጽፎ አመጣ። ከሰጠሁት ትምህርት ሁሉ የያዘው እሱ ይመስለኛል።

አስተያየት ያላችሁ፣ በተለይም የማትስማሙ መምህሮቻችን፣ በዚሁ ግድግዳ ላይ መልስ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።

ከአንድ ዕጩ መምህር