ሰንጠረዥ ሲባል ትዝ የሚላችሁ ምንድን ነው?

የሮቢት ሙቀት ዛሬም እንደ ልማዱ ነው፤ ፋኑ ሙቅ አየር ከማመላለስ በቀር የሚፈይደው የለም። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ይቺን ልጻፍ አልኩ። ትንሽ ረዘም ትላለች፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት ክፍል ገብቼ “ሰንጠረዥ ምንድን ነው?” ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም በአንድ ድምፅ “ቲቸር፣ ቴብል ነው!” አሉ። ቁጥር የሚሞላበት፣ ረድፍና ዓምድ ያለው። ልክ ናቸው፣ ማርክ አልቀነስኩም። ግን ቃሉ የጨዋታም ስም ነው። ያውም የኛው የራሳችን ቼዝ። ከአርባ ምናምን ተማሪ አንድም ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ያወቅሁት መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትን ጽሑፍ ላከልኝ። እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጽሔት ላይ የወጣ፣ ስለ ኢትዮጵያ ቼዝ ታሪክና አጨዋወት።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ስልሳ አራት ቤት አለው፤ ግን ጥቁርና ነጭ አይደለም፣ ጨርቅ ላይ መስመር ብቻ ነው። ንጉሥ አለ፣ ፈረስ አለ፣ ደር አለ (የዛሬው ቼዝ ግንብ የሚሆነው)፣ ከፊት ደግሞ መደቅ የሚባሉት ወታደሮች ይሰለፋሉ። ንግሥት የለችም። በሷ ቦታ ፈርዝ ነው ያለው፤ እሱም በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። ፊል ደግሞ በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል፣ መሀል ያለውን ከቁም ነገር አይቆጥርም።

እኔን የማረከኝ ግን አጀማመሩ ነው። ተራ የሚባል ነገር የለም! ሁለቱም አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ጦሩን እንዳሻው ያሰልፋል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው በየተራ መጫወት የሚጀመረው። ይህ ክፍል ስሙ “ወረራ” ነው። እስቲ አስቡት፣ ሁለት መኳንንት ጨርቅ ላይ ተጎንብሰው፣ አንዱ የሌላውን እጅ በዓይኑ እየተከተለ። አሸናፊነትም ደረጃ ነበረው። በደር ወይም በፈረስ ማሸነፍ እንደ ጥሩ ጨዋታ አይቆጠርም፤ በደካማው ጠጠር ያሸነፈ ነው የሚመሰገነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ላይ ይህ ጨዋታ በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ይወደድ እንደነበር ጽፏል። ከ1928ቱ የጣልያን ወረራ በኋላ ግን እየጠፋ ሄደ ይባላል። ወረራ የሚለው ቃል ሁለቱም ቦታ መግባቱ… በቃ እንለፈው።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ።

ያ ተማሪዬ ከጓደኞቹ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጫወቱት ሌላ ጨዋታ አለ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል። ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፣ አንዱ ተራኪ ይሆናል፣ ሌሎቹ ተዋጊ፣ ሌባ፣ አስማተኛ እየሆኑ ታሪኩ ውስጥ ይገባሉ፤ ዕድል ሲያስፈልግ እንደ ሉዶ ዳይስ ይወረወራል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ እየተቀየረ እትም በእትም ላይ ወጥቶለታል።

የገረመኝ ሰዎች የድሮውን እትም አለመተዋቸው ነው። እንደ ዕቃ ጠብቀው አላስቀመጡትም፤ አዲስ ነገር ይጽፉለታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኦስሪክ የሚባል መጽሐፍ አወጡ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣውን እትም ሕግ በራሳቸው ቃል መልሰው ጻፉት። ዋናው ዓላማቸውም ማንም ሰው ለዚያ ለድሮው ሕግ አዲስ ታሪክ ጽፎ እንዲያሳትም መንገድ መክፈት ነበር። ይኸው ዛሬም ድረስ ያሳትማሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ኩባንያው ሌሎች እንዲያሳትሙ የሚፈቅደውን ውል ሊያጠብ ሲሞክር ተጫዋቹ ጮኸበት፣ ወሩ ሳያልቅም ሐሳቡን ቀየረ።

የኛ ሰንጠረዥ ደግሞ ባለቤት የለውም። ፈቃድ የምንለምነው ኩባንያ የለም። ሕጉም አልጠፋም፣ ተጽፎ ተቀምጧል። ታዲያ ምንድን ነው የጎደለው? እኔ እንደሚመስለኝ የጎደለው አዲስ ጥያቄ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ቼዝ በየቀኑ “ነጭ በሁለት እርምጃ ያሸንፍ” እያለ አዲስ እንቆቅልሽ ይሰጣችኋል። ለሰንጠረዥ ግን አንድም እንቆቅልሽ የሚጽፍ ሰው አላየሁም። እኛ የምናውቀው በባህል ቀን ጨርቁን አንጥፎ፣ ጠጠሩን ደርድሮ፣ ፎቶ ተነስቶ መጠቅለል ነው። ሰው ካልተጫወተበት ጨርቁን ብናነጥፈው ምን ዋጋ አለው?

ተማሪዎቼ ሲለምዱት መጀመሪያ ያሉኝ “ቲቸር፣ ፈርዙ ደካማ ነው፣ ንግሥት እናድርገው” ነው። እምቢ አልኩ። ንግሥት ከገባች እሱማ የስልካችን ቼዝ ሆነ። ፈርዙ ደካማ ስለሆነ ነው ጨዋታው ሌላ ዓይነት ብልሃት የሚጠይቀው። ሕጉን ተዉት፣ አዲስ ነገር ጻፉለት፣ ነው ክርክሬ።

አንድ ባልደረባዬ “ማትሪክ ላይ ይመጣል?” ብሎኛል። አይመጣም። ጥያቄው ግን ቀልድ አይደለም። በ2015 በ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.2 ብቻ በሆነበት አገር፣ የተማሪን ሰዓት ለጨዋታ ማዋል ያስጠይቃል። ስለዚህ የክፍለ ጊዜ ሰዓት አልነካሁም፤ ከትምህርት በኋላ ነው የምንቀመጠው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሒሳብ ሲባል ጠረጴዛ ላይ የሚተኛ አንድ ልጅ ፊል ላይ ሲደርስ ነቃ። ፊል ከተነሳበት ተነስቶ፣ ዕድሜ ልኩን ቢዘል፣ ከስልሳ አራቱ ቤት የሚረግጠው ስምንቱን ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ አራት ፊል አለ፤ የአንዱ ስምንት ከሌላው ስምንት ጋር በፍጹም አይነካካም። ማለትም አራቱ ፊሎች ሊበላሉ አይችሉም፣ ግማሹ ሰሌዳም ፊል ሳይረግጠው ይቀራል። ይህን ራሱ በእርሳስ ምልክት እያደረገ ነው የደረሰበት። እኔ አልነገርኩትም።

የምቸኩልበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ከጥቂት ዓመት በፊት በጀውሃ በኩል አንድ አባት ዛፍ ጥላ ሥር ገበጣ አጫወቱኝ። አቆጣጠራቸው እኔ ልጅ ሆኜ ከማውቀው ይለያል፤ መሬት ላይ ጉድጓዱን ምሰው፣ ፍየሎቻቸውን በአንድ ዓይን እየጠበቁ፣ ሦስት ጊዜ አሸነፉኝ። “አባባ፣ ሌላ ቀን ደብተር ይዤ መጥቼ እጽፈዋለሁ” አልኳቸው። “ና፣ እኔ የት እሄዳለሁ” አሉኝ። ሥራ በዛ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ዛሬ ነገ ስል ማረፋቸውን ሰማሁ። አሁን ላስታውሰው ብሞክር መጀመሪያውን እንጂ መጨረሻውን አላገኘውም። የሰንጠረዥን ሕግ እንኳ ፓንክረስት ጽፈው ትተውልናል። የሳቸውን የሚጽፈው እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ አሥራ ሁለት ገጽ ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጅቻለሁ። ሁለት ገጹ ሕግ ነው፣ የቀረው አዳዲስ እንቆቅልሽ፤ ግማሹን ተማሪዎቼ ናቸው የሠሩት። ኮፒ አባዝቼ በነፃ እሰጣለሁ። የምትፈልጉ ጻፉልኝ፣ ወደ ደብረ ብርሃንም ወደ አታዬም ሰው ካገኘሁ እልካለሁ። የራሳችሁን እንቆቅልሽ ሠርታችሁ ብትልኩልኝ ደግሞ በሁለተኛው ላይ በስማችሁ ይወጣል። በየቀበሌያችሁ ገበጣ የሚያውቁ እናት አባት ካሉም ዘንድሮውኑ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፣ እንደ እኔ ሌላ ቀን አትበሉ።

ለመነሻ አንዷን ልስጣችሁ፣ ከገጽ አምስት። ወረራ ላይ ናችሁ። ባላጋራችሁ ፈዞ አንድም ጠጠር አላንቀሳቀሰም። እናንተ ብቻ ትጫወታላችሁ። ከመደቆቹ አንዱን ለመብላት ቢያንስ ስንት እርምጃ ያስፈልጋችኋል? ይህን ማድረግ የሚችሉትስ የትኞቹ ጠጠሮች ናቸው? ፈረስ ብቻ ነው ያለ ተሳስቷል። መልሱ ሰኞ።