ጉግል የሞባይል ስልክ ኩባንያ መሆን ይገባዋልን?

የእጅ ስልካችንን በከፈትን ቁጥር ቢያንስ የሦስት ድርጅቶችን አገልግሎት እንጠቀማለን። አንዱ ስልኩን የሠራው ነው፤ ሁለተኛው ስልኩን የሚያንቀሳቅሰውን ሶፍትዌር ያዘጋጀው ነው፤ ሦስተኛው ድምፃችንንና መልእክታችንን በአየር ሞገድ ተሸክሞ የሚያደርሰው ነው። ጉግል ከእነዚህ ሁለቱን ይዟል። አንድሮይድን ያዘጋጃል፤ ፒክስል የተባለውን ስልክም በስሙ ይሸጣል። ታዲያ ሦስተኛውን ጨምሮ የራሱ ማማና የራሱ ሞገድ ያለው የስልክ ኩባንያ ቢሆንስ? ኢሜይልና ካርታ ያለ ክፍያ ያቀረበ ድርጅት ስልክንም ያረክሰዋል ብለው የሚያስቡ ጥቂት አይደሉም። በእኛ እምነት ግን ጉግል የስልክ ኩባንያ መሆን አይገባውም። ምክንያታችንን በየተራ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ነገሩን ከተፈጥሮው እንመልከት። የእጅ ስልክ ትንሽ ሬዲዮ ነው። ሁለት ማሠራጫዎች በአንድ ቦታና በአንድ ፍሪኩዌንሲ ቢሠሩ አንዱ ሌላውን ያውካል። ስለሆነም መንግሥታት ሞገዱን እንደ መሬት ሸንሽነው በፈቃድ ያከፋፍላሉ። ሽንሽኑ ሁሉ ግን እኩል ዋጋ የለውም። የሞገድ ርዝመት የሚገኘው የብርሃንን ፍጥነት ለፍሪኩዌንሲው በማካፈል መሆኑን በፊዚክስ ክፍል ተምረናል። በዚህ ስሌት የ700 ሜጋኸርዝ ሞገድ 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የ1700 ሜጋኸርዝ ሞገድ ግን 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ረጅሙ ሞገድ በአብዛኛው ራቅ ብሎ ይደርሳል፤ ግድግዳም አልፎ ወደ ቤት ይገባል። አጭሩ በተመሳሳይ ኃይል የሚሸፍነው ቦታ አነስተኛ በመሆኑ ብዙ ማማ ይፈልጋል። እንግዲህ መልካሙ ሞገድ ጥቂት ነው፤ ማንም ባለሀብት ቢሆን ሊያመርተው አይችልም። ያለውን መግዛት ወይም መከራየት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው መልካም ሞገድ በአሜሪካ ለጨረታ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2008 ነበር። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ወደ ዲጂታል ሥርጭት ሲዛወሩ የሚለቁት የ700 ሜጋኸርዝ ሞገድ ነው። ከጨረታው ቀደም ብሎ ጉግል ለአገሪቱ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ጥያቄ አቀረበ፤ ይህን ሞገድ የሚገዛ ኩባንያ አውታሩን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርግ ይገደድ አለ። ኮሚሽኑ ከቀረቡለት አራት ጥያቄዎች ሁለቱን በሐምሌ ወር 2007 ተቀበለ። ዋነኛውን ክፍል የሚገዛ ኩባንያ ደንበኛው የመረጠውን ስልክ በአውታሩ ላይ እንዳይጠቀም፣ የመረጠውንም ፕሮግራም እንዳይጭን መከልከል አይችልም ተባለ።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። እኛ ስልኩን ከአንድ ሱቅ፣ ሲም ካርዱን ከሌላ ቦታ ገዝተን ማገናኘትን እንደ ተራ ነገር እንቆጥረዋለን። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ግን አብዛኛው ሰው ስልኩን የሚገዛው ከስልክ ኩባንያው ነበር፤ ስልኩም ለዚያው ኩባንያ የተቆለፈ ነበር። በስልኩ ላይ ምን ፕሮግራም እንደሚገባም በአመዛኙ የሚወስነው ኩባንያው ነበር። ቬራይዘን የተባለው ትልቅ የስልክ ኩባንያ አዲሱን ደንብ በመቃወም ፍርድ ቤት እስከ መሄድ ደርሶ ነበር፤ በኋላ ክሱን ተወው።

ደንቡ አንድ ማሠሪያ ነበረው። ለዚያ ክፍል የሚቀርበው ዋጋ 4.6 ቢሊዮን ዶላር ካልደረሰ ሞገዱ የክፍትነቱ ግዴታ ሳይኖርበት እንደገና ይሸጣል። ጉግል 4.71 ቢሊዮን ዶላር አቀረበ። ቬራይዘን በ4.74 ቢሊዮን በልጦ ወሰደው። ጉግል ማማም ሞገድም ሳይኖረው ቀረ፤ ግዴታው ግን በአሸናፊው ላይ ጸና። ጉግል ለስልክ ተጠቃሚው ከዋላቸው ውለታዎች ትልቁን የዋለው ጨረታውን በተሸነፈበት ቀን ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። ተጠቃሚው የጠቀመው በደንቡ ነው፤ ለዚህም ጉግል ራሱ የስልክ ኩባንያ መሆን አላስፈለገውም።

ደንቡ ባዶ ቃል አለመሆኑ ከአራት ዓመት በኋላ ታየ። የስልክን ኢንተርኔት ለኮምፒዩተር የሚያጋሩ ነፃ ፕሮግራሞች በአንድሮይድ የፕሮግራም መደብር ይገኙ ነበር። ቬራይዘን ግን ለዚሁ አገልግሎት በወር 20 ዶላር ተጨማሪ ያስከፍል ስለነበር ደንበኞቹ ፕሮግራሞቹን እንዳያገኙ እንዲታገድለት መደብሩን ጠየቀ። ጥያቄውም ተፈጸመለት። አቤቱታ ቀርቦ ኮሚሽኑ ጉዳዩን ከመረመረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 ቬራይዘን 1.25 ሚሊዮን ዶላር ለመንግሥት ለመክፈልና እገዳው እንዲነሣ ለማድረግ ተስማማ።

አንባቢ ይህን ታሪክ አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲያስበው እንሻለን። ጥፋቱ የተገለጠው ጠያቂውና ተጠያቂው ሁለት ድርጅቶች ስለነበሩ ነው። የመደብሩና የአውታሩ ባለቤት አንድ ቢሆን ኖሮ ጥያቄም ደብዳቤም ባላስፈለገ። ፕሮግራሙ ከመደብሩ በዝምታ ይጠፋል፤ ምክንያቱም የአንድ መሥሪያ ቤት የውስጥ ውሳኔ ሆኖ ይቀራል። የምንፈራውም ይህንኑ ነው።

"ጉግል ለክፍትነት የተሟገተ ድርጅት ሆኖ እንዴት እንዲህ ያደርጋል?" የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ድርጅት በቆመበት ሥፍራ የሚያስብ መሆኑ ነው። ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ ቬራይዘን የአንድሮይድ ስልኮችን በብዛት መሸጥ ጀመረ። በነሐሴ ወር 2010 ጉግልና ቬራይዘን በአንድነት የሕግ ሐሳብ አቀረቡ። በሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔት መልእክትን ከመልእክት እንዳያበላልጥ በሕግ ይገደድ፤ በአየር ሞገድ የሚመጣው ግን አሠራሩን ከመግለጽ በቀር ይህ ግዴታ አይኑርበት የሚል ነበር። በ2007 ለክፍት ሞገድ የተሟገተው ድርጅት ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ገና የንግድ ወዳጅ ብቻ ሳለ እንዲህ ካለዘበ፣ ራሱ የአውታር ባለቤት ቢሆን ምን ይል ነበር?

በሌላ ወገን ያለውን ክርክር ግን ችላ አንልም። አዲስ ተወዳዳሪ ሲገባ ዋጋ ይወርዳል፤ ይህ እውነት ነው። ጉግል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሮጀክት ፋይ በሚል ስም፣ ኋላም ጉግል ፋይ በተባለው አገልግሎት፣ የስፕሪንትንና የቲ ሞባይልን አውታር ተከራይቶ ለደንበኞች ማቅረብ ጀመረ። መነሻው ለጥሪና ለአጭር መልእክት በወር 20 ዶላር፣ ለአንድ ጊጋባይት 10 ዶላር ነበር፤ ደንበኛው ላልተጠቀመበት ዳታ ገንዘቡ ይመለስለት ነበር። ይህን አንቃወምም። ተከራይ ማማ የለውም፤ ከባለ ማማው ጋር በውል ይተሳሰራል፤ ደንበኛው ቢከፋው ወደዚያው ባለ ማማ በቀጥታ መሄድ ይችላል። ልዩነቱ በመንገድ ላይ ታክሲ በማሠማራትና መንገዱን በመግዛት መካከል ያለው ዓይነት ነው።

መንገዱን መግዛት ምን እንደሚያስከትል የጃፓኑ ራኩተን ያሳየናል። ራኩተን በኢንተርኔት ሽያጭ የታወቀ ድርጅት ሲሆን በሚያዝያ ወር 2020 የአገሩ አራተኛ የሞባይል ኩባንያ ሆኖ ሥራ ጀመረ። አውታሩን በብልህ ሶፍትዌር ስለሚያስተዳድር ለግንባታው 600 ቢሊዮን የን ገደማ ይበቃኛል ብሎ ነበር። በእጁ የነበረው ግን የ1700 ሜጋኸርዝ ሞገድ ነው። ብዙ ማማ መትከል፣ ባልደረሰበት ቦታም የተፎካካሪውን አውታር በክፍያ መጠቀም ግድ ሆነበት። በ2022 ብቻ የድርጅቱ ጠቅላላ ኪሳራ ከ370 ቢሊዮን የን በላይ ሆነ። ከ700 ሜጋኸርዝ ሞገድ ድርሻ ያገኘው በ2023 ነው። ዛሬ ደንበኞቹ በሚሊዮን ይቆጠራሉ፤ ነገር ግን ሶፍትዌር የሞገድን ርዝመት እንደማይለውጥ በውድ ዋጋ ተምሯል።

የስልክ አገልግሎት ደግሞ ስላላዋጣ ብቻ በድንገት የሚዘጋ ሥራ አይደለም። በእሳት አደጋና በምጥ ሰዓት የሚደወልበት ነው። የጉግል እናት ድርጅት የሆነው አልፋቤት በሐምሌ ወር 2020 ከኬንያ ሰማይ በፊኛዎች ኢንተርኔት ማቅረብ ጀምሮ ነበር። በጥር ወር 2021 ሥራው ትርፋማ እንደማይሆን ገልጾ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ሙከራው የሚያስመሰግን ነው፤ ሞክሮ መተውም ለቴክኖሎጂ ድርጅት ነውር አይደለም። ለስልክ ኩባንያ ግን ነውር ነው።

አበው "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም" ይላሉ። ግዙፍ የቴክኖሎጂ ድርጅት አውታር ቢከራይ፣ ለክፍት አውታር ቢሟገት፣ በጨረታም ገብቶ ዋጋውን ቢያስወጣ መልካም ነው። የፕሮግራም መደብሩን፣ ስልኩንና ሞገዱን በአንድ እጅ መጨበጡ ግን ለተጠቃሚው አይበጅም። በአገራችንም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 ሁለተኛውን የቴሌኮም ፈቃድ በ850 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል። ሞገድ በየትም አገር ሲሸጥ ሕዝብ ከዋጋው ባልተናነሰ ሊጠይቅ የሚገባው በፈቃዱ ላይ የሠፈረውን ግዴታ ነው። ነገ ከእናንተ መካከል አንዳንዶቹ ማማ የሚተክሉ መሐንዲሶች፣ አንዳንዶቹም ፈቃዱን የሚጽፉ ባለሙያዎች ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ የ2008ቱን ጨረታ አስታውሱ፤ ገንዘቡ ለመንግሥት አንድ ጊዜ ገብቶ ያለቀ ነው፤ ያቺ የክፍትነት አንቀጽ ግን ከዓመታት በኋላም ተጠቃሚውን ስትጠብቅ ተገኝታለች።