ኮሚሽን የሌለው አሰልጣኝ

አዳማ የጅቡቲ መንገድ ሰንጥቋት የሚያልፍ የንግድ ከተማ ናት። እዚህ አንድ ሰው ያለ ደሞዝ ይሠራል ሲባል ቶሎ የሚያምን የለም። የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሩጫ ቡድን በፈቃደኝነት እንደማሠለጥን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ «ስንት ይከፍሉሃል?» ይለኛል። «ምንም» ስል ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፤ «እሺ፣ አንዷ ከወጣችልህ ስንት ይደርስሃል?»

የመጀመሪያውን በሳቅ አልፈዋለሁ። ሁለተኛው ግን ያሳስበኛል። ልጅቷ ገና ሮጣ ሳትጨርስ ድርሻውን የሚያሰላ ሰው በበዛበት ስፖርት፣ ምንም የማይደርሰው አሰልጣኝ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። «ቆይ» ለማለት የሚያስፈራው ነገር የለም።

ሥራው ራሱ ብዙ ምሥጢር የለውም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ እንገናኛለን። ሜዳችን መም የለውም፤ ዙሩን በኖራ እናሰምረዋለን፣ ነፋሱ ደግሞ ያጠፋዋል። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ ከከተማዋ አጠገብ ኮረብታው ላይ የቆሙትን ተርባይኖች ይመልከት፤ በሁለቱ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም የተተከለው እንዲያው በከንቱ አይደለም። የእኛ ልጆች ግማሹን ዙር ያንን ነፋስ እየገፉ፣ ግማሹን እየገፋቸው ይሮጣሉ። በሶምሶማ ይሟሟቃሉ፤ ሰውነት ሲያፍታቱ ቆጠራውን በተራ ይመሩታል፣ አንዱ «አንድ፣ ሁለት»፣ ሌላዋ «ቶኮ፣ ለማ» እያለች። ደህና የሩጫ ጫማ ያላት ልጅ የራሷን ልምምድ እንደጨረሰች ፈትታ ለጓደኛዋ ታውሳለች፤ ስለዚህ የልምምዱን ተራ የማወጣው በእግራቸው ቁጥር ጭምር ነው።

«ሩጫ የአርሲ ደጋ ነው፤ ከዚህ ሙቀት ምን ሯጭ ይወጣል?» የሚሉም አሉ። ከፊል እውነት አላቸው። ከአዳማ በአሰላ በኩል ወደ በቆጂ የሚወጣ ሰው ከ1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ 2,800 አካባቢ ይደርሳል፤ አየሩ በሳሳበት ቦታ ያደገ ልጅ ሰውነቱ ያንን ችሎ ያድጋል። ነገር ግን ከፍታ ብቻውን ሯጭ ቢያወጣ ኖሮ የኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ ሜዳሊያ በሜዳሊያ በሆነ ነበር። በቆጂ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነበሯት። የሐረር ተወላጅ ናቸው፤ የወጣትነት ሕልማቸው እግር ኳስ የነበረ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእጃቸው አልፈዋል። የእኛ ቆላም ቢሆን ጸጋ አለው፤ አየሩ ወፈር ስለሚል ፍጥነት ለመሥራት ይመቻል።

ቆላው ጸጋውን የሚሰጠው ግን ከነጣጣው ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ ትነሳለች፤ ወንጂም መቂም ባቱም ያለ ሰው ያውቃታል። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የወባ መድኃኒቷን በጨረሰች ማግስት ሜዳ መጣች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ሹራቧን በዚያ ሙቀት አላወለቀችም።

«ኮች፣ ድኛለሁ እኮ!»

«እሰይ። እንግዲያው ዛሬ ሰዓት ያዢልኝ።»

ስልኬን ተኮሳትራ ተቀበለችኝ፤ ልምምዱ እስኪያልቅ ቃል አልተነፈሰችም። በኋላ ግን ማን በስንተኛው ዙር እንደሚደክም፣ ማን ሲመራ እንደሚፈራ፣ ከእኔ የበለጠ የምታውቀው እሷ ሆነች። ሁዳዴና ረመዳን ሲገቡም ሥራዬ ያው ልጆቹን መግታት ነው፤ ለጾመኛ ልጅ ሶምሶማ ይበቃዋል። ቁርስ ሳይቀምስ የመጣ ደግሞ በሶው ሳይበጠበጥለት አይሮጥም። የእኛ አገር ልጅ «ሩጥ» የሚለው ሰው አጥቶ አያውቅም፤ ችግሩ ራሱ ከአልጋው ቀስቅሶ ያስሮጠዋል።

ችግር ብቻውን ቢገፋቸው ባልከፋ። አንዲት ልጅ ሁለት ውድድር ካሸነፈች «አዲስ አበባ ልውሰዳት» የሚል ሰው ይመጣል። ወረቀትም ይገኛል፤ ለታዳጊዎች ውድድር ዕድሜ ይቀነሳል፣ ለጎዳና ሩጫ ይጨመራል። የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ከ20 ዓመት በታች ላለ ልጅ የተዘጋው በምክንያት መሆኑን ለእናትየዋ የሚነግራት የለም። የእኛም ታሪክ ችኮላን አይደግፍም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበር። እዚሁ ጎረቤታችን አድአ የተወለደው ማሞ ወልዴ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ማራቶኑን የወሰደው በ36 ዓመቱ ነው። ደራርቱ በ20 ዓመቷ ባርሴሎና ላይ ወርቅ አጥልቃ፣ ኒው ዮርክ ማራቶንን በ2009 ስታሸንፍ 37 ሞልቷት ነበር። ቀነኒሳም በ2024 ለንደን ላይ ሁለተኛ ሲወጣ 41 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ተጣድፎ አንዲትን ልጅ የሚወስድ ሰው የሚሸጠው ይህንን ሁሉ ወደፊት ነው።

«ትምህርቱስ የት አደረሳቸው?» የሚል ወላጅ ሲገጥመኝ መልሱ ይከብደኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነበሩ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ብለው ሲተርቱብኝም እሰማለሁ። ግን ሩጫውም ሰፊ በር የለውም። በኦሊምፒክ አንድ አገር ለአንድ ርቀት የምታሰልፈው ሦስት ሰው ነው፤ ለእነዚያ ሦስት ቦታዎች ደግሞ ከበቆጂ እስከ ትግራይ ስንቱ ይነሳል። ብዙው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሲመለስ ደህና ጉልበትና ያላቋረጠው ትምህርት ቢኖረው፣ የቡድናችን ውጤት እሱ ነው እላለሁ። ስለዚህ የፈተና ሰሞን ልምምድ እዘጋለሁ። ውድድር ደርሶብን እንኳ ቢሆን።

ይህን ስል ፈቃደኝነትን እያሞካሸሁ አይደለም። ፈቃደኛ ይሰለቻል፣ ሥራ ይቀይራል፣ አንድ ቀን ይቀራል። አሰልጣኝ ስንታየሁም ቢሆኑ ሥራውን የጀመሩት ደሞዝተኛ መምህር ሆነው ነው። የስፖርት መምህሩን ክፍለ ጊዜ ቆርጦ «በጎ ፈቃደኛ ይሸፍነዋል» የሚል ኃላፊ ካለ እኔን ምስክር አድርጎ አይጥራኝ። እኛ የምንሞላው መምህሩ ሊደርስበት ያልቻለውን ማለዳ ነው።

ያንን ማለዳ ግን በቢሾፍቱም፣ በሞጆም፣ በሻሸመኔም የሚሞላ ሰው ይገኛል፤ ድሮ የሮጠ ነጋዴ፣ ጡረታ የወጣ ፖሊስ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻዋን ዱብ ዱብ የምትል ነርስ። ርዕሰ መምህሩ የሚያውቀው ደብዳቤ ይያዝ፣ ወላጆች ይጠሩ፣ ሴት ልጆች ባሉበት አንዲት መምህርት ወይም እናት ትገኝ፣ የቀሪ ደብተር ይከፈት። ከዚያ በኋላ አንድ ወረቀት ይፈርም፦ ዛሬም ሆነ ወደፊት ከልጆቹ ሽልማት አምስት ሳንቲም አልወስድም የሚል። ማሟሟቂያውንና ሰዓት አያያዙን በአንድ ሳምንት እናሳየዋለን፤ ለመፈረም የሚያመነታን ሰው ግን የሩጫ እውቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን ሜዳ አናስገባውም።