በግድግዳ ውስጥ ስለሚሰወረው ቧንቧ

እንደ ድሬዳዋ ባለው ሞቃት አገር የሚኖር ቤተ ሰብ፥ ሕፃናቱና አረጋውያኑ በሐሩር ወራት ዕረፍት እንዲያገኙ ሲል ከብዙ ቁጠባ በኋላ የአየር ማቀዝቀዣ ይገዛል። ገንዘቡም አሳቡም በመሣሪያው ላይ ያልቅና፥ በቤት ውስጥ ያለውን ክፍል በውጭ ካለው ጋር ለሚያገናኙት ሁለት ቧንቧዎች ሲደርስ «የተገኘው ይግባበት» ይባላል። እኛ ግን የመሣሪያው ዕድሜ በእነዚህ ቧንቧዎች ላይ የቆመ መሆኑን ለማሳሰብ እንወዳለን።

ማቀዝቀዣው ብርድን አይፈጥርም፤ የቤቱን ሙቀት በልዩ ጋዝ አሸክሞ ወደ ውጭ ያወጣል እንጂ። ጋዙ በቀጭኑ ቧንቧ ፈሳሽ ሆኖ ይገባል፤ በወፍራሙ ተንኖ ይመለሳል። ስለዚህ የቧንቧው ልክ ፋብሪካው በመመሪያው የጻፈው ነው። 12,000 ቢቲዩ ለሆነው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ 1/4 እና 3/8 ኢንች፥ ይኸውም በውጭ ስፋቱ 6.35 እና 9.52 ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ቧንቧ ይታዘዛል።

ከስፋቱ ይልቅ የሚዘነጋው የግድግዳው ውፍረት ነው። አር-410ኤ እና አር-32 የሚባሉት ጋዞች ግፊታቸው ከቀድሞው አር-22 ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ያልፋል። ለእነዚህ ልኮች 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት የተለመደ ሲሆን፥ በርካሽ የሚሸጠው ስስ ቧንቧ ግን ሲታጠፍ ይጨማደዳል፤ ጫፉም እንደ መለከት አፍ ተከፍቶ በዳዶ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል። ቧንቧው ለማቀዝቀዣ ሥራ የተዘጋጀ፥ ውስጡ ንጹሕና ደረቅ፥ ሁለቱም ጫፎቹ የተደፈኑ ይሁን። ለውሃ የተሠራው ይህን ሥራ አይተካም።

ሁለቱም ቧንቧዎች ለየብቻቸው በጎማ ስፖንጅ ይሸፈኑ፤ ያለዚያ ጤዛ እያንጠባጠበ ግድግዳውን ያበሰብሳል። መስመሩ በናይትሮጅን ግፊት ይፈተን፤ ከዚያም አየሩና እርጥበቱ በቫኩም ፓምፕ ይሳብ፤ ጋዙም ከዚህ በኋላ ይለቀቅ። ግድግዳው የሚለሰነው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል እንዲህ ነው።

አንዳንዱ «ጋዙ ቢያልቅ በየዓመቱ እናስሞላለን» ይላል። ነገር ግን ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ጐደለ ማለት ሾለከ ማለት ነው። የሾለከውም አር-410ኤ በመቶ ዓመት ሲታሰብ ከእኩል ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2,000 ጊዜ በላይ ምድርን ያሞቃል። እንግዲህ የአንድ ቤት ቸልተኝነት የባለቤቱን ኪስ ብቻ ሳይሆን ባልንጀራንም ይነካል።

ጌታችን ስለ ሁለቱ ቤቶች ሲያስተምር፥ አንዱ በዓለት አንዱ በአሸዋ ላይ መመሥረቱን ነገረን። ልዩነታቸው የታወቀው ጐርፍ በመጣ ጊዜ ነበር። ባለሙያ የሆንህ ወንድማችን ሆይ፥ ከልስኑ በስተኋላ የሚቀረውን ሥራህን ባለቤቱ ባያይ እግዚአብሔር ያየዋል። ባለቤቶችም ሆይ፥ ዋጋ ስትከራከሩ ለቧንቧው የሚገባውን አትቀንሱ፤ ሠራተኛውንም ደመወዙን ሳታጓድሉ ክፈሉት። የታመነ ሥራ ከሁለቱም ወገን ይጠበቃልና።