ሙግትና ይቅርታ በአንድ ቃል

እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላት የተማርን ሰዎች «አፖሎጂ» ማለት ይቅርታ ነው ብለን ይዘን አድገናል። እኔም የፕላቶንን «አፖሎጂ» ለመጀመሪያ ጊዜ ስከፍት ሶቅራጥስ በአቴናውያን ፊት ጥፋቱን አምኖ ምሕረት ሲለምን የማነብ መስሎኝ ነበር። ያገኘሁት ሌላ ሰው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት፣ ወጣቶችን ያበላሻል፣ የከተማዋንም አማልክት አይቀበልም ተብሎ የተከሰሰው ሽማግሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሟገታል። ሠላሳ ድምፅ ወደ እሱ ቢዞር ኖሮ በነጻ ይሰናበት ነበር። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ እንኳ የሚገባህን ቅጣት ራስህ አቅርብ ሲባል፣ የሚገባኝስ ለከተማዋ ባለውለታዎች በተዘጋጀው ማዕድ መቀለብ ነው አለ።

ርዕሱ አላታለለኝም፤ ያታለለኝ ቃሉን በአንድ ትርጉም ብቻ መያዜ ነው። «አፖሎጊያ» በግሪክኛ የችሎት ቃል ነበር። «አፖ» መራቅን፣ «ሎጎስ» ንግግርን ያመለክታል፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ክስን ከራስ ላይ የሚያርቅ ንግግር ይሆናሉ። ከሳሽ ክሱን ያሰማል፣ ተከሳሽ በአፖሎጊያ ይመልሳል። ቃሉ ውስጥ ጸጸት የለም። እንዲያውም የሚጸጸት ሰው አፖሎጊያ አያስፈልገውም።

በዚሁ ትርጉሙ ወደ ክርስትናም ገብቷል። በጴጥሮስ አንደኛ መልእክት ምዕራፍ 3 ቁጥር 15፣ ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቋችሁ ለመስጠት ተዘጋጁ የተባሉት «አፖሎጊያ»ን ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «መልስ» ይለዋል። በሁለተኛው መቶ ዓመት ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ለሮማው ንጉሠ ነገሥት ለአንቶኒኖስ ፒዮስ የጻፈው አፖሎጂም ክርስቲያኖች ያለ ጥፋታቸው ይቀጣሉ ብሎ የተሟገተበት ነው። የኛ ሊቃውንት ይህን ሥራ ዕቅበተ እምነት ይሉታል። ዐቀበ ማለት ጠበቀ ነውና ትርጉሙ እምነትን መጠበቅ ነው። እንግሊዝኛ በአንድ ሥር ያሰራቸውን ሁለት ሐሳቦች ግእዝና አማርኛ ገና ከመነሻው ለይተው አስቀምጠዋቸዋል።

ቃሉ እንግሊዝ ሲገባም ሙግቱን ይዞ ነው የገባው። ቶማስ ሞር በ1533 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «አፖሎጂ» ብሎ ያሳተመው መጽሐፍ ለጽሑፎቹ የቆመበት መከራከሪያ ነበር። ከሁሉ ጥሩ ምስክር የሚሆነኝ ግን የፊሊፕ ሲድኒ ድርሳን ነው። ሲድኒ በ1586 ከሞተ በኋላ፣ ስለ ቅኔ ክብር የጻፈውን ይህን ድርሳን ሁለት አሳታሚዎች በአንድ ዓመት፣ በ1595፣ አወጡት። አንደኛው «የቅኔ መከላከያ»፣ ሌላው «የቅኔ አፖሎጂ» ብለው ሰየሙት። ልዩነት ያየ አልነበረም፤ ሁለቱ ቃላት አንድ ነበሩ።

ይሁንና በዚያው በ1590ዎቹ በሼክስፒር «ሪቻርድ ሦስተኛ» ተውኔት ቃሉ በትሕትና ይቅርታ የመጠየቅ ስም ሆኖ ይታያል። መከላከያ እንዴት ጸጸት ሆነ? መልሱ ቃሉ ከችሎት ወጥቶ ቤት መግባቱ ይመስለኛል። በዳኛ ፊት «እንዲህ ሆኖብኝ ነው» ማለት ክርክር ነው። የቀጠረውን ወዳጁን አስጠብቆ የመጣ ሰው ያንኑ ሲል ግን ንግግሩ ወደ ልመና ያዘነብላል፤ ወዳጅ የሚሻው ማስረጃ ሳይሆን መከበሩን ነውና። እንዲህ እያለ ማብራሪያው ወደ ኋላ ቀረ፣ ልመናው ፊት ወጣ።

ወደ ኋላ ቀረ እንጂ አልሞተም። ኋላ ካርዲናል የሆነው ኒውማን በ1864 ቻርልስ ኪንግስሊ ሐቀኝነቱን ሲነካበት የሕይወቱን መከላከያ ያሳተመው በዚሁ ቃል ነው። ዛሬም እንግሊዝኛ «አፖሎጂስት» የሚለው ይቅርታ ጠያቂን ሳይሆን ተሟጋችን ነው፤ ለጨካኝ መንግሥት ጥብቅና የሚቆም ጸሐፊ በዚህ ስም ይነቀፋል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ አሮጌው ጠበቃ ከቃሉ አልወጣም፤ አዲስ ካባ ደርቦ ተቀምጧል። «ቅር የተሰኘ ካለ» የሚለውን አነጋገር ልብ በሉ። ጥፋቱን በ«ካለ» ያንጠለጥለዋል፣ ችግሩንም ከሠራው ሰው አንሥቶ ወደተሰማው ሰው ያሻግረዋል። ልብሱ ይቅርታ ነው፣ ሥራው ግን አፖሎጊያ።

ይህ በመንግሥታትም ደረጃ ታይቷል። በአውስትራሊያ ለአሥርት ዓመታት የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው እየተነጠቁ ተወስደዋል። የ1997ቱ አገራዊ ሪፖርት ይህን ካጋለጠ በኋላ፣ በ1999 በጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ አቅራቢነት ፓርላማው «ጥልቅ ጸጸት» ገለጸ፤ ይቅርታ የሚለው ቃል ግን አልወጣም። ለመውጣት ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2008ን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድንም ጠበቀ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ያስጠበቀው የአንድ ቃል ጉዳይ ነበር፤ ተጎጂዎቹ ለዚያ ቃል ያን ያህል ዋጋ የሰጡት ጸጸት የተናጋሪው ስሜት ሆኖ ሲቀር ይቅርታ ወደ እነሱ ስለሚመጣ ነው።

ሕግም በዚህ መካከል ገብቷል። ሰው «አጥፍቻለሁ» ካለ በፍርድ ቤት ይያዝብኛል ብሎ አፉን ይዘጋል። ስለዚህ የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ በ1986 የሐዘኔታ ቃል ማስረጃ እንዳይሆን ደነገገች፤ የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያም በ2006 ባወጣችው ሕግ ጥፋትን የሚያምን ይቅርታ እንኳ እንዳይያዝ ከለከለች። ለምሳሌ ሐኪም በታካሚው ቤተሰብ ፊት ሰው እንዲሆን ስለሚፈቅድ ሐሳቡን እደግፋለሁ። ነገር ግን ምንም የማያስከፍል ይቅርታ ምን ያህል እንደሚከብድ መመዘን ያለበት ተበዳዩ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ቃል ማየት ይጠቅማል። ይቅርታ የመጣው «ይቅር» ከሚለው ነው፤ በደሉ ይቅር፣ ይተው ማለት ነው። ይህን ለማለት ሥልጣን ያለው ተበዳዩ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «አፖሎጃይዝ አደርጋለሁ» ሲል ነገሩን በራሱ አንደበት ፈጽሞታል። እኛ ግን ይቅርታን «እንጠይቃለን»፤ የተጠየቀው እስኪመልስ ነገሩ አልተፈጸመም። በሽማግሌ ፊት ድንጋይ ተሸክሞ የሚያጎነብሰው በዳይ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። ሸክሙ በገዛ ፈቃዱ የሚጥለው አይደለም፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪባል ይጠብቃል።

ታዲያ የቃላችንን ጥንካሬ አጥብቀን ብንይዝ እወዳለሁ። «ቅር ያሰኘሁት ካለ ይቅርታ» በኛም አንደበት እየተለመደ ነው፤ ይህም ይቅርታን ወደ ችሎት መመለስ ነው። መሟገት በራሱ ነውር የለበትም። ሶቅራጥስ አላጠፋሁም ብሎ አመነ፣ ስለዚህ ተሟገተ፤ ይቅርታ አስመስሎ ነፍሱን ለማትረፍ አልሞከረም። ያላጠፋ እንደ እሱ ቀና ብሎ ይሟገት። ያጠፋ ግን ክርክሩን ከደጅ ትቶ ይግባ፤ ድንጋዩን ተሸክሞ ሙግት አያምርምና።