ያለ ምጥ የመጣ ሕፃን

ሴት ስትወልድ ሰፈሩ ወጉን ያውቃል፤ ገንፎ ይገነፋል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። በጉዲፈቻ ሕፃን የተቀበለች እናት ዘንድ ግን ጠያቂው ደጃፍ ላይ ይደናገራል። ምን ብሎ ይግባ? አንዳንዱማ ገና ሳይቀመጥ «ወላጆቹ እነማን ናቸው?» ይላል (እንዲህ ያለውን እንግዳ ቶሎ መሸኘት ነውር አይመስለኝም)።

ይህ እትም ያተኮረው በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ላይ ነው። ለውጭ ዜጎች ልጅ በጉዲፈቻ መስጠት በ2010 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ የእኛው ሆኗል። ፍርድ ቤት የጉዲፈቻ ስምምነቱን አጽድቋል፣ ወረቀቱ አልቋል። ሌሊቱ ግን ገና መጀመሩ ነው፤ ውኃ ይፈላል፣ ጡጦ ይቀቀላል፣ ሕፃኑ የለመደውን የሞግዚት ጠረን ይፈልጋል። በማሳደጊያ የቆየ ሕፃን አንዳንዴ ጭራሽ አያለቅስም። እኛም «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» እንላለን። ቢያለቅስ የሚመጣለት እንደሌለ ለምዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባያለቅስም ይታቀፍ፣ ጡጦውን ሲጠባ ዓይን ዓይኑ ይታይ፣ ለጊዜው ከእቅፍ ወደ እቅፍ አይዘዋወር። አክስቶች ይቀየሙ ይሆናል፤ ይቀየሙ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው የ90 ቀን ፈቃድ ነፍሰ ጡር ለነበረች ሠራተኛ የተጻፈ ነው። የሕግ አምዳችን በዚህ ላይ ይሟገታል። የሕፃናት ሐኪማችን ደግሞ የክትባት ካርድ ሳይኖረው ለመጣ ሕፃን ምን እንደሚደረግ ጽፈዋል።